ጅብራው እስኪፈታ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የጥር መግቢያ፣ አቃቂ። ሰማዩ ጠርቷል። ነፋሱ ደረቅ ነው፤ የከባድ መኪኖቹን አቧራ ከዋናው መንገድ እያነሳ እስከ ደጃችን ያመጣዋል። ቤት ያለነው እኔና ልጅህ ሐያት ነን። እሷ የሥራ ልብሷን አጥባ እያሰጣች ነው፤ እኔ ከሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጫለሁ። መንገዱ ክፍት ነው።

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰይዴ።

የጀመርኩት እንዳስለመድከኝ ነው። መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ሰማዩ፣ ከዚያ ማን ማን እንዳለ፣ ከዚያ መንገዱ። «ሌላው ወሬ ከመንገዱ በኋላ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ቃል አጥቼ አይደለም። አንተ ያለህበትን መንገድ ሳላየው ምን ብዬ ልጀምር? አሁን አየሁት። እኔና ሐያት ሄደን ነበር። የተመለስነው ትናንት ነው፤ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም የአውቶቡሱ ድምፅ አለ።

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርህ። በክረምት ባልዲ ስንደቅንበት የነበረው የጓዳው ጣሪያ ተቀይሯል፤ ያስቀየረችው ሐያት ናት። ልጅህ ፋብሪካው ውስጥ ከማሸጊያ ክፍል ወጥታ ጥራት ቁጥጥር ገብታለች። ነጭ ጋዋን ለብሳ ስትወጣ ሰፈሩ «ዶክተር» ይላታል፤ እሷም አትክድም። አንተ የተከልከው ዘይቱን አፈራ፤ ግን የሰፈር ልጆች ሳይበስል ስለሚጨርሱት ጣዕሙን እስካሁን አላውቀውም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

እኔም ያው ነኝ። ስኳርና ሻይ ቅጠል የምጠቀልልበትን ወረቀት እያነበብኩ እውላለሁ። ፊደል የለየሁት በዚያ ወረቀት መሆኑን ታውቃለህ፤ በግማሽ ጋዜጣ፣ በተቀደደ የደብተር ገጽ፣ በመድኃኒት ማብራሪያ። ስለዚህ የብዙ ነገር መጀመሪያውን አውቃለሁ፣ መጨረሻው የተጠቀለለው ሌላ ሰው ቤት ነው። ከዳር እስከ ዳር የተማርኩት ነገር ቢኖር ያንተን ተራራ ነው፤ እሱንም በስልክ።

ከባድ መኪና መንዳቱ ወገብህን ሲጎዳው ባሌ ተራራ ላይ ያለው ሎጅ ሾፌር አድርጎ ቀጠረህ። ዕቃና እንግዳ ከጎባ ታወጣለህ፣ ታወርዳለህ። ቆይተህ ግን የመንገድ ሰው ሆንክ። ጠዋት ከሁሉም ቀድመህ የእግር መንገዱን ሄደህ ታያለህ፤ ተመልሰህ በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትጽፋለህ። ሰማዩን፣ ውርጩን፣ ጭጋጉን፣ የትኛው አቀበት እንደሚያንሸራትት። ማታ ያንኑ ለእኔ በስልክ ትነግረኛለህ። ሰው ለሚስቱ ናፍቆቱን ይነግራል፤ አንተ «ዛሬ ከመሻገሪያው ወዲያ ያለው ጭቃ ደርቋል» ትላለህ። እኔም የዚያን ጭቃ ነገር ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ሰፈሩ ነገሩ አይገባውም። እትዬ አስካለ «ሰይድ የት ሄዶ ነው?» ሲሉኝ «ቱሉ ዲምቱ» እላቸዋለሁ፤ ያንተ ተራራና እዚህ ከእኛ ማዶ ያለው ኮንዶሚኒየም ስማቸው አንድ ነውና። «ቱሉ ዲምቱማ በሚኒባስ ደርሰሽ የምትመለሺበት ነው! ታዲያ ሲመሽ የት ነው የሚያድረው? ዘሀራ፣ ንቂ እንጂ!» ይሉኝ ነበር። እዚያ ላይ ውሃ አድሮ ድንጋይ እንደሚሆን፣ ጠዋት ለውዱእ ሰብራችሁ እንደምትታጠቡ ስነግራቸው ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «የሾፌር ወሬ መቼም ከነተሳቢው ነው» አሉ። እኔም ሳቅኩ። ውሃ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚረጋ አውቃለሁ። ግን ያለ ፍሪጅ፣ ያለ መብራት፣ ሜዳ ሙሉ?

ያረፍክ ጊዜ ነሐሴ ነበር። የመኪናውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት ነበር። የእግር መንገዱን አይተህ ስትመለስ ደረትህን ይዘህ ተቀመጥክ፤ ከዚያ አልተነሳህም። እዚያ አጠገብ ባለው መንደር የሚኖሩ ሰዎች አገኙህ። አጠቡህ፣ ከፈኑህ፣ ሰገዱብህ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሩህ። ይህን በስልክ የነገሩኝ ኦቦ ቃሲም ናቸው፣ ከአንተ ጋር መንገዱን ያዩ የነበሩት አዛውንት። በሃይማኖታችን ቀብር አይዘገይም፤ መንገድም አልነበረም። ማንንም አልወቀስኩም። እዚህ ድንኳን ተክለን ተቀመጥን። ግን ሰይዴ፣ መሞትህን ጆሮዬ ተቀበለ፣ ዓይኔ እምቢ አለ። ባለፈው ክረምት ዝናቡ አዲሱ ጣሪያ ላይ ሲወርድ እኔ የማስበው ያንተን አፈር ነበር። ታጥቦ ሄዶ ይሆን? ምልክቱ ጠፍቶ፣ አንድ ቀን ሐያት «አባቴ የት ነው?» ብላ ብትሄድ የሚያሳያት ሰው ታጣ ይሆን?

ስለዚህ መቃብርህን በዓይኔ ላየው፣ የአቃቂን ውሃም ላፈስስልህ ተነሳሁ። «ከአቃቂ የሚናፍቁኝ አንቺና ውሃው ናችሁ፤ እዚህ ውሃው ጥርስ ይነቅላል» ትለኝ አልነበር? ሐያት ፈቃድ ስታገኝ ከግቢያችን ቧንቧ አንድ ሃይላንድ ሞላሁ። ቃሊቲ መናኸሪያ ረዳቱ «እናት፣ ዕቃውን ከላይ እንጫነው» ሲለኝ ሻንጣውን ሰጠሁት፣ ጠርሙሱን ከለከልኩት። «ምንድነው እሱ፣ ዘምዘም ነው እንዴ?» አለኝ። ይበልጣል ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አስተግፊሩላህ ብዬ ዋጥኩት።

ጎባ አደርን፤ በማግስቱ በሎጁ መኪና ወጣን። መጀመሪያ ጥድ ነበር። ከዚያ ሽበት ያለው ፂም ያበቀለ አስታ። ከዚያ ዛፍ የሚባል ነገር ቀረና ሜዳው ተከፈተ። እንዴት ልንገርህ፣ አንተው የነገርከኝን! ሰማዩ ከላይ ብቻ አልነበረም፤ በግራም በቀኝም ነበር። ሰው አይታይበትም፣ ባዶ ግን አይደለም፤ የሆነ ነገር ዝም ብሎ የሚያይህ ይመስላል። ሐያት ፎቶ ልታነሳ ስልኳን አወጣች፤ እጇ ላይ እንደያዘችው ቀረች። ጭጋጉ ውስጥ ረጃጅም ሰዎች ቆመው አየሁና «እነዚህ በዚህ ብርድ ማንን ይጠብቃሉ?» አልኩት ሾፌሩን። ሳቀብኝ። ጅብራ ናቸው፣ ተክል ናቸው።

ኦቦ ቃሲም ሎጁ በር ላይ ጠበቁን። ፎጣ ጠምጥመው፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«የሰይድ ሰው» አሉኝ፣ «ዘገየሽ»።

«መንገዱ ነው፣ ኦቦ ቃሲም» አልኩ።

«እሱም የሚለው ይህንኑ ነበር» አሉ።

ወደተቀበርክበት መንደር የሚወስደው የእግር መንገድ ከሎጁ ጀርባ ይነሳል። ገደል ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ከዓለቱ የሚንጠባጠብ ውሃ ያቋርጠዋል። መኪናው በማግስቱ ከቀትር በፊት እንግዶች ይዞ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሌላ አይመጣም። ሐያት ደግሞ ሰኞ ሥራ መግባት አለባት። እኔም እንደ አቃቂ ሰው አሰብኩ፤ ማልዶ የወጣ ታክሲ አያጣም። «ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወዲያው እንሂድ» አልኩ። ኦቦ ቃሲም ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ይሁን እምቢ አልገባኝም።

ሌላም የአቃቂ ነገር አደረግሁ። እኛ ዘንድ በበጋ የመጠጥ ውሃ ደጅ ሲያድር ይጣፍጣል አይደል? ላንተ እንዲጣፍጥልህ ብዬ ጠርሙሱን ከመስኮቱ ውጭ ድንጋይ ላይ አሳደርኩት።

ለሱብሂ ስነሳ ኦቦ ቃሲም ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ ብለው በድንጋይ ይመቱ ነበር። ቋ! ቋ! ሰሃን የመሰለ በረዶ በእጃቸው አነሱና ሣሩ ላይ ወረወሩት፤ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ብቅ አለ። ቆሜ ቀረሁ። ልክ አንተ እንዳልከው፣ አንድም ነገር ሳይጎድል። «ውዱእ አታደርጊም እንዴ?» ሲሉኝ ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ። እትዬ አስካለን እዚያ ባቆማቸው! ተሳቢ የለውም፣ ይኸው፣ መኪናው ብቻ ነው እላቸው ነበር።

ሲነጋ ሜዳው ነጭ ሆኖ ነጋ። አመዳይ ነው አሉኝ። እንደ ጨርቅ የተነጠፈ እንዳይመስልህ፤ እያንዳንዱ ሣር ለብቻው፣ ከሥር እስከ ጫፍ ተለብጧል። ለዚህ ሁሉ ቅጠል በአንድ ሌሊት አንድ በአንድ ማን ደረሰለት? እስትንፋሴ ከፊቴ ቀድሞ ይሄዳል። ጠርሙሱን ላነሳ ሄድኩ። ድንጋይ ሆኗል። ጎኑ ተሰንጥቋል፣ አንዲት ጠብታ ግን አልፈሰሰችም። የማፈስስልህ የለኝም ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ኦቦ ቃሲም ደግሞ ሰሌዳው ላይ «ተዘግቷል» ብለው ጻፉ።

«ጅብራው ሳይፈታ ማንም አይወጣም» አሉኝ። በሩ አጠገብ ያለውን አንዱን አሳዩኝ። ቅጠሉን ሁሉ ወደ ውስጥ ሰብስቦ እንደ ጥቅል ጎመን ተቋጥሯል። ሌሊት ልቡን ከብርዱ የሚሸፍነው እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይፈታል። እሱ ሲፈታ ዓለቱ ላይ ያለው በረዶም ይለቃል። ከዚያ በፊት የረገጠ ሰው ገደል ይገባል።

«ኧረ በአላህ፣ ኦቦ ቃሲም! መኪናው ጥሎን ይሄዳል።»

«ደንቡ የእኔ አይደለም እኮ። ያንቺው ሰውዬ ነው ያወጣው። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ ቢቆጣው እንኳ አላጠፈውም።»

«ለሚስቱስ?»

«ጅብራውን ጠይቂው» አሉና ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሰይዴ፣ እንዴት እንዳናደድከኝ! ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ደጅህ ላይ ስደርስ ቁሚ የምትለኝ አንተው ነህ። ግን ንዴቱ ውስጥ ደስታም ነበረ። ካረፍክ ወዲህ ድምፅህን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ቁሚ አልከኝ፤ ቆምኩ።

ጅብራው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱን ጋቢዬ ውስጥ አስገብቼ እንደ ሕፃን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ቅዝቃዜው እስከ ጀርባዬ ዘለቀ። ሐያት ሁለት ጊዜ መጥታ «እማ፣ ትታመሚያለሽ። ሌላ ጊዜ እንመጣለን» አለችኝ። በእኛ ቤት ሌላ ጊዜ የሚባለው ቀን ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ታውቃለህ። ፀሐይ ወጥታለች፣ ግን ደመና ውስጥ ናት። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ጎማዎቹን እየዞረ በእግሩ ይመታል። እንግዶቹ ሻንጣቸውን አውጥተዋል። ጅብራው እንደተቋጠረ ነው። ያ አላህ፣ እዚህ ድረስ አምጥተህ አትመልሰኝ አልኩ።

ከዚያ የደመናው ጠርዝ ተገለጠ። ብርሃኑ ከሜዳው ማዶ ተነስቶ ሲሮጥ አየሁት፤ ሲሮጥ ነው የምልህ። የነካው ነጭ ሁሉ እየተቀጣጠለ መጣና ደጃችን ደረሰ። ሜዳው ድምፅ አወጣ፤ በሺህ ቦታ ቀስ ብሎ የሚሰነጠቅ ብርጭቆ ዓይነት፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ጅብራው ላይ ያለው አመዳይ ጠብታ ሆነ። አንድ የውጭ ቅጠል ላላ። ሲንቀሳቀስ አይታይህም፤ ዓይንህን አንስተህ ስትመልስ ግን ሌላኛውም ተከትሎታል። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ እጁን ለዱዓ እንደሚዘረጋ ሰው ሁሉንም ዘረጋ። ውስጡ ለምለም ነው። ያ ሁሉ ሌሊት አልደረሰበትም። ሱብሃነላህ አልኩ። ከኋላዬ ሐያትም ደገመችው። ቀና ስል እንግዶቹም ቆመው ያያሉ፤ ሾፌሩ ማንም ሳይነግረው ሞተሩን አጥፍቷል። «ሂዱ፣ እጠብቃችኋለሁ። ጭጋጉ ሳይቀድማችሁ ብቻ ተመለሱ» አለ። ኦቦ ቃሲም ሰሌዳውን በመዳፋቸው ጠረጉና ዱላቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

መንገዱ እንዲህ ነበር። እስከ መጀመሪያው ጉብታ ድርቅ ያለ ነው፤ እግር ስር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ጥላ ያለበት ቁልቁለት፣ አመዳዩ ገና ያልለቀቀው፤ እዚያ በጎን እየረገጥን ወረድን። ቀይ ቀበሮ ከፊታችን አቋረጠች፤ ቆም ብላ አየችንና፣ የቤቷን ሥራ እንዳስታወሰች ሴት፣ ሄደች። ውሃው የሚንጠባጠብበት ዓለት ጋ ስንደርስ በረዶው ለቆ ወደ ገደሉ ይወርድ ነበር። እግር እንዳያንሸራትት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተነጥፈዋል። ኦቦ ቃሲም «የሱ ናቸው» አሉ። አንዱም ድንጋይ አይነቃነቅም። ያንተን ሥራ እየረገጥኩ፣ ወደ አንተ መጣሁ።

የመንደሩ ሴቶች ከሩቅ አይተውን ወጥተው ነበር። ኦሮምኛቸውን ባልሰማም ሰይድ የሚለውን ሰማሁ። አንዷ ባልቴት ክንዴን ይዘው ወሰዱኝ። ሰይዴ፣ አልታጠብክም። ዙሪያህ በድንጋይ ተክቧል። ካቡ አዲስ ነው፤ ክረምቱ አንዱን ጎን ንዶት መልሰው ክበውታል። ራስጌህ ላይ ረጅም ድንጋይ አቁመዋል። ባልቴቲቱ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ኦቦ ቃሲም ተረጎሙልኝ፦ «እንግዳ መስሎሽ ነበር? የእኛ ነው» ነው ያሉኝ። እዚህ አቃቂ ተቀምጬ በዝናቡ ቁጥር ስጨነቅ፣ እነዚህ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች በእጃቸው ድንጋይ ይዘው አጠገብህ ነበሩ። የዚያን ሰማይና የእነዚያን ሴቶች ልብ ብመዝን የቱ እንደሚሰፋ አላውቅም።

ሰላምታ ሰጠሁህ፤ ፋቲሃ ቀራን። ከዚያ ነገርኩህ። ቀኑ ዓርብ፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ያለነው እኔ፣ ሐያት፣ ኦቦ ቃሲምና ጎረቤቶችህ፣ መንገዱ ክፍት። ሐያት ይህን ስትሰማ ተንበርክካ ድንጋዩን አቀፈችው። እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

ጠርሙሱን ከጋቢዬ ሳወጣ ልብሴ ርሷል። የቀለጠው በስንጥቁ ፈስሶ የጠጣሁት እኔ ነኝ። የቀረው በረዶው ነው። ኦቦ ቃሲም ፕላስቲኩን በቢላ ቀደዱልኝና የአቃቂ ውሃ የጠርሙሱን ቅርጽ ይዞ እጄ ላይ ወጣ፤ ዳሩ እንደ መስታወት፣ መሃሉ ነጭ። ራስጌህ ላይ አኖርኩት። ባፈስሰው ኖሮ በአንድ ጊዜ ያልቅ ነበር። አሁን ግን እኔ ከሄድኩም በኋላ ፀሐይዋ ቀስ እያለች ታጠጣሃለች። ከሥሩ አንድ ጠብታ ወርዳ አፈርህ ውስጥ ስትገባ አየሁ። ዓይኔም ያን ጊዜ ተቀበለ።

ስንመለስ ጭጋጉ ከኋላችን ይከተለን ነበር። ሎጁ በር ላይ ቆሜ ዞር ስል መንገዱ የለም፣ ገደሉ የለም፣ ጅብራው ብቻ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ኦቦ ቃሲም ሰሌዳውን መልሰው ጻፉት። ተዘግቷል።

እንግዲህ ይኸው ነው። አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ሁሉም ይለዋል። እኔ የምልህ ይህን ነው፦ እስካለሁ ድረስ ሰማዩንና መንገዱን ሳልነግርህ ቀኔን አልጀምርም። ሐያትም የመቃብርህን መንገድ አውቃለች፤ እኔ ባልኖር እሷ ትነግርሃለች። አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ያስፋልህ። ዘሀራህ።

ሰኞ ጠዋት ነው፤ ይህን ብቻ ልጨምር። ለሱብሂ ተነሳሁ። ከበርሜሉ ውሃ ቀድቼ ውዱእ አደረግሁ፤ ውሃው እጄን ዝም ብሎ ተቀበለኝ። ሰገድኩ። ሐያት ጋዋኗን ለብሳ ስትወጣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኘኋት፤ ቆሜ ግራ ቀኙን አየሁ። ተመልሼ በሱቁ መዝጊያ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ ጻፍኩ፦ ሰኞ። ሰማዩ ጠርቷል። ሐያት ሄደች፣ ዘሀራ አለች። መንገዱ እስከ ቃሊቲ ክፍት ነው። እትዬ አስካለ በትራቸውን ተደግፈው መጡና አንብበው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉኝ። «የሰይድ ወሬ ነው» አልኳቸው። አልሳቁም። ከዚያ ሱቁን ከፈትኩ።